ልጄ ከአባቷ ቤት በተመለሰች ቁጥር እሑድ ማታ ለቅሶ ነው

ጠያቂ (የሁለት ቤት እናት)፦
ከተፋታን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ልጃችን 6 ዓመቷ ነው፤ ሳምንቱን እኔ ጋ፣ ቅዳሜና እሑድን አባቷ ጋ ታሳልፋለች። እኔና እሱ አንጣላም፤ አንነጋገርምም። በር ላይ ቦርሳዋን እቀበላለሁ፣ “አመሰግናለሁ” እላለሁ፣ “እሺ” ይላል፣ አለቀ።

ችግሩ በሩ ሲዘጋ ነው። ባለፈው እሑድ የቀኝ ጫማዋን ወርውራ ግራውን አላወልቅም ብላ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ልረዳት ስጠጋ “አንቺ አታውቂበትም፣ አባዬ ነው የሚያውቀው” አለችኝ። ማሰሪያ እንኳ የሌለው ጫማ! አልቅሳ አልቅሳ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከነጫማዋ አቅፌ አስተኛኋት። ሰኞ ጠዋት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ትነሣለች።

እሱ ጋ የመኝታ ሰዓት የለም፣ ታብሌት አይከለከልም። ክፉዋ እኔ ሆኜ ቀረሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ፦ ስትመጣ “ምን ሠራችሁ? ማን ነበር?” እያልኩ እጠይቃታለሁ። መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቴን ታያለች።

እህቴ “እሱ ቤት ነው የምትረበሸው፣ ቀኑን አስቀንሺ፣ ፍርድ ቤት ሂጂ” ትለኛለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1 (ተረኛው አባት)፦
እኔ በሩ ወዲያ ማዶ ያለሁት ነኝ። የእኔ ልጅ ደግሞ የሚያስቸግረው ዓርብ ማታ፣ ከእናቱ ሲመጣ ነበር። እኔ “እሷ እያበላሸችው ነው” እላለሁ፤ ለካ እሷም እሑድ እሑድ ስለ እኔ ያንኑ ትላለች። ልጁን የሚከብደው የሁለታችንም ቤት አልነበረም፤ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው መግባቱ ነው። ሁለት ቀን የያዘውን ለቅሶ የሚለቀው ደግሞ ደፍሮ የሚያለቅስበት ቤት ነው።

ሁለት ነገር ረዳን። ሲመጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም አልጠይቀውም፤ ገላውን ይታጠባል፣ ያንኑ የሰለቸኝን መጽሐፍ አነብለታለሁ። በየሳምንቱ ያው ነው። ሁለተኛው፣ ርክክቡን ከበር ላይ ወደ ትምህርት ቤት አዞርነው፦ አንዳችን ጠዋት እናደርሳለን፣ ሌላችን ከሰዓት እንወስዳለን። እናትና አባቱን ጎን ለጎን እያየ አንዱን መሰናበት ቀረለት። ለአንቺ ግን ዋጋ አለው፤ እሑድ ሌሊቷን እሱ ጋ ልታድር ነው።

መልስ 2 (ያደግኩበት)፦
ወላጆቼ ሲለያዩ 8 ዓመቴ ነበር። “ፊቴን ታያለች” ያልሽው ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። እኔ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወሬ ነበረኝ፤ ለእናቴ “ደባሪ ነበር”፣ ለአባቴም “ደባሪ ነበር”። አባቴ የገዛልኝን ሹራብ እናቴ እንዳታዝን ብዬ ቦርሳዬ ሥር ደብቄ፣ ሳለብሰው አጠረኝ። ማንም ደብቂ አላለኝም እኮ። “ደስ ብሎሽ ነበር? እሰይ” በያትና ዝም በይ። ወሬው ራሱ ይመጣል፣ ምናልባት ረቡዕ፣ ፀጉሯን ስትሠሪያት።

መልስ 3 (ቀጥታ ልናገር)፦
እህትሽ ስለምትወድሽ ነው፤ ግን የአንድ ጫማ ለቅሶ ይዘሽ ዳኛ ፊት አትቁሚ። ልጅቷ እሱ ቤት ያለ ሰው ብትፈራ፣ ሰውነቷ ላይ ምልክት ብታዪ፣ አልሄድም ብላ ብትንቀጠቀጥ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዛሬውኑ የሚመለከተውን ሰው አናግሪ። እዚህ ላይ ግን የማየው ሁለት ዝም ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ነው። “አመሰግናለሁ” እና “እሺ” ብቻ ከሆነ፣ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነ፣ ጥርሷ ተነቃንቆ እንደሆነ ማን ይነግርሻል? እሷ? 6 ዓመቷ ነው! አጭር መልእክት ጻፊለት፤ ስለ ልጅቷ ብቻ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ። ታብሌቱን ለጊዜው ተዪው። ልጆች “እዚያ ይቻላል፣ እዚህ አይቻልም” የሚለውን ከምናስበው በላይ ይለምዱታል። የመኝታ ሰዓቱ ላይ ብቻ ብትስማሙ ብዙ ነው።

ጠያቂ (የሁለት ቤት እናት)፦
መጀመሪያ የጻፍኩት መልእክት ስክሪኑን ሞልቶ ነበር፤ ያደረገውንም ያላደረገውንም ዘረዘርኩ። አጠፋሁት። ከዚያ ይህን ብቻ ላክሁ፦ “እሑድ ማታ ግራ ጫማዋን ማውለቅ እምቢ አለችኝ። አንተ ጋስ እንዴት ነው?”

በአምስት ደቂቃ መለሰ፦ “ግራው ጠቧታል። ተረከዙን ወደ ታች ጫን አድርገሽ ነው የሚወልቀው፣ አለበለዚያ ያማታል። ልነግርሽ አስቤ በር ላይ ስደርስ ጠፋብኝ።”

ሄጄ ጫማውን አየሁት። የአውራ ጣቷ ቦታ ወደ ውጭ አብጧል። በየቀኑ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ፣ አላየሁም። “አታውቂበትም” ስትለኝ እውነቷን ነበር።

የትምህርት ቤቱን ርክክብ ገና አላነሣሁበትም። አንድ ሌሊት ናት፣ አውቃለሁ፤ እስካሁን ግን እጄ አልጻፈም።