መሪ ውሻ አዲስ አበባ ላይ ያስኬዳል?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ታናሽ ወንድሜ ማየት ከተሳነው 3 ዓመት ሆኖታል፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ ብቻውን በኬን (በነጩ ዘንግ) ይመላለሳል። ውጪ ያለችው አክስታችን "እዚህ ለዓይነ ስውራን መሪ ውሻ ይሰጣል፣ ለሱም እንሞክርለት" ብላ ተነስታለች፣ እሱ በጣም ጓጉቷል፣ እናቴ ግን ውሻ ቤቴ አይገባም ብላ ቁርጥ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ባለፈው ክዳን የሌለው ማንሆል ውስጥ እግሩ ገብቶ ወለም ብሎት ሳምንት ተኝቷል። ውሻው ይሄን ያይለታል? መብራት ላይስ ተሻገር ይለዋል? የምታውቁ እባካችሁ

ከቶሮንቶ፦
የኔ ህንፃ ላይ መሪ ውሻ ያላት ሴትዮ አለች፣ በየቀኑ ሊፍት ላይ እንገናኛለን። መንገዱን የሚያውቀው ውሻው አይደለም እሷ ናት፣ ቀኝ ግራ እያለች የምታዘው እሷ ናት፣ የሱ ስራ ጉድጓድ ካለ ዞሮ ማሳለፍ፣ ደረጃ ጋ ሲደርስ ቀጥ ማለት ነው። ከላይ የተንጠለጠለ ብረት ወይ ቅርንጫፍ ካለም ያዞራታል፣ ኬን እኮ መሬት መሬቱን ነው የሚነካው። መብራት አያነብም፣ ቀይና አረንጓዴ ውሻ አይለይም። የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ "ሂድ" የሚለው ባለቤቱ ነው። ግን መኪና እየመጣ ከሆነ ሂድ ብትለውም አልሄድም ብሎ ይቆማል፣ እምቢ ማለትን ራሱ ነው የሚሰለጥነው!! ለእናትህ ደግሞ ቅንጦት እንዳልሆነ ንገራት፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1916 የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት የከፈቱት በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነው።

ሜክሲኮ አካባቢ፦
እኔም ዓይነ ስውር ነኝ። ወንድምህን ተስፋ ላስቆርጥ አይደለም ግን ውሻው ተወልዶ ለስራ እስኪደርስ 2 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ከዛ ወንድምህ ራሱ ሄዶ ሳምንታት አብሮት መሰልጠን አለበት፣ እንደ እቃ አይላክም። ከዛስ ሚኒባስ ውስጥ ማን ያስገባዋል? እኔ ኬን ይዤ እንኳን ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ሁለት ሶስት ታክሲ ያልፈኛል። ሰው ደግሞ ወይ ይሸሻል ወይ ሊያሻሸው ይመጣል፣ ስራ ላይ ያለ ውሻ ደግሞ መነካት የለበትም። መጀመሪያ የኬን ስልጠናውን ያጠናክር፣ ያለሱ ውሻም አይሰጡትም።

ጋሼ ካዛንቺስ፦
ልጄ የመንደሩን ውሻ አትርሳ። ማታ በመንጋ የሚወጡት አንዴ ከነከሱት ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ፣ የእብድ ውሻ ክትባት በየጊዜው ግድ ነው። ለእናትህ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የኔ ሚስት ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፣ በር ሲንኳኳ የኛው ቡቺ ማንም ሳያስተምረው ነጠላዋን ይጎትታል። ውጪ ለመስማት ለተሳናቸው ይሄንኑ አሰልጥነው ነው የሚሰጡት፣ የበር ደወል፣ የህፃን ለቅሶ፣ የእሳት ማንቂያ ሲሰማ መጥቶ ይነካቸዋል። እሷም ድሮ ውሻ ቤት አይገባም ባይ ነበረች።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁሉንም አነበብኩለት። አክስታችን እሷ ጋ ያለው የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት ውጪ ሀገር ላለ ሰው ይሰጥ እንደሆነ ነገ ደውላ ትጠይቃለች፣ እኛም የኬን ስልጠና እንፈልጋለን። ወንድሜ፣ "አልሄድም" ብሎ እምቢ የሚለው ውሻ ጋ ስደርስ አስቆመኝና ድጋሚ አንብብልኝ አለ።