ጆርናል ላይ ከወጣ ይታመናል ማለት ነው?

ጀማሪው፦ ሰላም ናችሁ፣ ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) እየሰራሁ ነው እና አድቫይዘሬ ምንጮቼን አይቶ ግማሹን "ይሄ አይታመንም" ብሎ ሰረዘው። ሁሉም እኮ ጆርናል ላይ የወጡ ናቸው፣ አንዱማ ሳይቴሽኑ (ሌሎች ጥናቶች የጠቀሱት ብዛት) ለጉድ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማየት አለብኝ በናታችሁ?

ማርጂን፦ ጆርናል ላይ መውጣቱ ብቻውን ምንም አይደለም ወዳጄ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት የፈጠራ ጥናት ጽፎ ለ304 ኦፕን አክሰስ (ማንም በነጻ የሚያነባቸው) ጆርናሎች ላከ፣ 157ቱ ተቀበሉት፣ ስህተቱ ደግሞ በደንብ ላነበበው ሰው የሚደበቅ አልነበረም። ብር ክፈል በሳምንት እናወጣልሃለን የሚልህን ሽሸው። ኤዲተሮቹ እነማን ናቸው፣ እውነት አሉ ወይ፣ እሱን ፈልግ።

ዝምተኛ አንባቢ፦ ሳይቴሽን ያልከው ላይ ልምጣ። የዌክፊልድ ጥናት ታውቃለህ አይደል፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ 1998 ላንሴት ላይ ነው የወጣው፣ ስንት ትልቅ ጆርናል! የታዩት ልጆች 12 ብቻ ናቸው፣ ላንሴት ጨርሶ የሰረዘው ደግሞ 2010 ላይ ነው። ሳይቴሽኑ ግን የትየለሌ ነው፣ ምክንያቱም ብዙው የጠቀሰው ሊተቸው ነው፣ ጉግል ስኮላር ደግሞ ያመሰገነውንም የረገመውንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥርልህ። ስለዚህ የጠቀሱትን ሁለት ሶስቱን ከፍተህ ምን እንዳሉት አንብብ። ደሞ ኮምፒውተርህ ላይ ያስቀመጥከው ፒዲኤፍ ጥናቱ ቢሰረዝም አይነግርህም፣ ጆርናሉ ገጽ ላይ ተመልሰህ እይ ወይ ርዕሱን የተሰረዙ ጥናቶችን የሚመዘግበው ሪትራክሽን ዋች ዳታቤዝ ላይ ፈልገው።

ቆቁ፦ @ማርጂን ልክ ነህ ግን ቦሃነን በክፍያ የሚነበቡት ጆርናሎች ላይ እኮ አልሞከረም፣ እና ኦፕን አክሰስ ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ እንዳይወስደው ልጁ። እኔ መጀመሪያ የማየው ሜተዱን፣ ማለትም ጥናቱ እንዴት እንደተሰራ ነው፣ ከዛ ገንዘቡን ማን ሰጠ የሚለውን። ኩባንያ ከፈለ ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ግን ጠንከር አድርገህ ታነበዋለህ።

ጀማሪው፦ ኧረ ተባረኩ፣ የሳይቴሽኑን ነገር እንደዛ አስቤው አላውቅም። ፕሪፕሪንትስ፣ ጆርናል ላይ ሳይወጡ ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁትስ? አርካይቭ (arXiv) የሚባለው ድረ-ገጽ ላይ ያገኘሁት አለ

ማርጂን፦ ፔር ሪቪው (የሌሎች ባለሙያዎች ግምገማ) አላለፈም ማለት ነው፣ መጥቀስ ትችላለህ ግን ፕሪፕሪንት መሆኑን ጻፍ። መጀመሪያ ጆርናል ላይ ወጥቶ እንደሆነ ፈልግ፣ አንዳንዴ ሪቪው ላይ ቁጥሮቹ ይቀየራሉ።