የድሮ ፀጉር ተከላዬን ላሳርም ነው፤ ፀጉሩ ከየት ይምጣ?

የገንደ ቆሬው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ዕድሜዬ 54 ነው። መካኒክ ነኝ፣ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። በ1990 ዓ.ም. አረብ አገር ሠርቼ ያጠራቀምኳትን ይዤ ፀጉር አስተከልኩ። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። ግንባሬ ገና መሸሽ ሲጀምር ቸኮልኩ፣ ሐኪሙም ቆይ አላለኝም። ከኋላ ከጆሮ እስከ ጆሮ ቆዳዬን እንደ ቀበቶ ቆርጦ አወጣና፣ በየቀዳዳው አምስት ስድስት ፀጉር አንድ ላይ እየሰካ ግንባሬ ላይ ደረደረው።

በቅሏል፣ አልዋሽም። እስከ ዛሬም አልረገፈም። ችግሩም እሱ ነው። የራሴው ፀጉር ቀስ በቀስ ሄደና ያ ሰልፍ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ቀረ። የ11 ዓመት ልጄ ባለፈው ሳምንት «አባዬ፣ ፀጉርህ እንደ ሽንኩርት ችግኝ በመስመር ነው የተተከለው» አለችኝ። እናቷ ወደ ጓዳ ገብታ ሳቀች።

ተላጨው እንዳትሉኝ፣ ተላጭቼ አይቻለሁ። ከኋላ ጠባሳው፣ ከፊት ደግሞ የተሰካው የፀጉር ጉጥ በሙሉ ወጥቶ ይታያል። መጋላ ያለው ፀጉር አስተካካዬ በሁለት ቁጥር ሲያነሳው ማሽኑን አቁሞ «አቦ፣ ይሄ ነገር በሽታ ነው?» አለኝ። ስለዚህ ኮፍያ። በድሬ ሙቀት ሞተር ስር ተኝቶ ኮፍያ ማድረግ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ውጭ አገር ላለ ሐኪም ፎቶ ልኬ ነበር፤ ከኋላ የቀረህ ትንሽ ነው አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ፀጉሩ ጫካ ነው፣ «ከኔ ውሰድ» ብሏል። ይቻላል? ካልሆነስ ጺም? ደረት? ሰው ሠራሽ? ያደረጋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሳቢያን ሦስት፦

ወላሂ ወንድምህ ጥሩ ሰው ነው። የኔ ወንድም ማበጠሪያውን እንኳ አያውሰኝም።

ነርሷ፦

የድሬ ልጅ ነኝና «አንተ» ልበልህ፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም።

የወንድምህን ነገር ተወው። ሰውነትህ የሌላ ሰው ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚውጠውን ዓይነት መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥ ለፀጉር ሲባል አይገባም። ከአንድ እንቁላል የወጣችሁ መንትዮች ብትሆኑ ሌላ ወሬ ነበር። ሰው ሠራሹን ክር ደግሞ አሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. ነው ያገደችው። ያመረቅዛል፣ ይበጠሳል፣ ሥር የለውም።

ኖርማን ኦረንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ አለ። ዋናው ነገሩ አንድ ነው፦ የተተከለ ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ይቀጥላል። ያንተ ሰልፍ ያልረገፈው ለዚህ ነው። የደረት ፀጉርም ጭንቅላትህ ላይ ሄዶ የደረት ፀጉር ሆኖ ነው የሚኖረው። ትንሽ ያድግና ያርፋል፣ ይረግፋል፣ እንደገና ይበቅላል። አጭርና ቀጭን ነው፣ መጽደቁም እንደ ራስ ፀጉር አያስተማምንም። የመጨረሻ አማራጭ አድርገው።

ጺም ይሻላል። ወፍራም ነው፣ ይረዝማል። ግን ጥያቄ አለኝ፦ ጠባሳህ ጠፍጣፋ ነው ወይስ አብጧል? እኛ ቆዳ ላይ ኬሎይድ፣ ማለትም እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ፣ ይወጣል። አብጦ ከሆነ እዚሁ የቆዳ ሐኪም ሳያይህ አገር አታቋርጥ።

የፈላና ልጅ፦

ሐረር ነኝ። እኔም በአንድ ወቅት ተበላሽቶብኝ አሳርሜያለሁ። ሁላችሁም ጺም ደረት ትላላችሁ፤ የመጀመሪያው ፀጉር ያለው እኮ እዚያው ግንባሩ ላይ ነው!

እነዚያን ጉጦች በትንሽ ክብ መቁረጫ አንድ በአንድ ያወጧቸዋል። በማይክሮስኮፕ እያዩ አምስቱን ፀጉር ይለያዩና አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት አድርገው ይተክሏቸዋል። አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ስለዚህ ሰልፉም ይፈርሳል፣ ፀጉሩም አይባክንም። እኔ ጋ ሁሉንም ባንዴ አላነሱም። ጉጡን አቅጥነው ግማሹን እዚያው ተዉት። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ቀሪውን። ቦታው ላይ ትንንሽ ነጭ ነጥብ ይቀራል፤ በላዩ ፀጉር ሲመጣ ይሸፈናል።

ሁለተኛው ጺም ነው፣ ግን ከአገጭ ሥር፣ አንገት ላይ ካለው። ጉንጭህን አታስነካ። ፀጉሩ የተወሰደበት ነጥብ ጠይም ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ ራቁቱን ስላጨው ይታየኛል፣ ሚስቴ ግን አላየችውም። የተተከለውም መሐል ላይና ጠባሳው ውስጥ እንጂ ከፊት መስመር አይሆንም። ሸካራ ነው፣ ፊት ላይ እንደ መጥረጊያ ይቆማል።

ደግሞ ይሄን ጠይቅ፦ ፀጉረ ከርዳዳ ሰው ላይ ስንት ጊዜ ሠርተሃል በለው። የኛ ሥር ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ፀጉር የለመደ ሰው ቀጥ አድርጎ ይወጋና ሥሩን ይቆርጠዋል። የኔን ፀጉር መጀመሪያ ያበላሹት እንዲህ ነው። ሃያ ሰላሳ ብቻ አውጥቶ ይሞክርልህና ስንቱ እንደተቆረጠ ቆጥሮ ያሳይህ። እምቢ ካለ ተነሥና ውጣ።

የገንደ ቆሬው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጠባሳው ጠፍጣፋ ነው፣ ገመድ ያህል ነው ስፋቱ። ዛሬ ማታ ልጄ በእስክሪብቶ እየነካች ጉጦቹን ቆጠረች። 94። በአምስት ሳበዛው 470 ፀጉር ይሆናል። 28 ዓመት ሙሉ ኮፍያ ሥር ይዤው ስዞር ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጺሜ በሂና ነው የሚኖረው። ከሥሩ ግን ሸብቷል።

ነርሷ፦

ሽበቱም ይዞህ ይሄዳል፤ ነጭ ጺም ጭንቅላትህም ላይ ነጭ ነው። ለምርመራ ስትሄድ ሂናውን ተወውና ስንቱ ነጭ እንደሆነ ይቁጠረው። ለሥራው ቀን ግን ነጩ ስለማይታያቸው ራሳቸው ጥቁር ያስቀቡሃል።

የቀረልህ የራስህ ፀጉር እንዳይሄድ ደግሞ ፊናስተራይድ ስለሚባለው እንክብል፣ ስለ 1 ሚሊግራሙ፣ ሐኪምህን ጠይቀው። ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች እሷ የተሰበረ እንክብል በእጇ እንዳትነካ።

የገንደ ቆሬው፦

እርጉዝ የለችም፣ ተመስገን። ሂናውን ነገ አቆማለሁ። ጋራዥ ያሉት ልጆች ምን ይሉኝ ይሆን ብቻ።

ሳቢያን ሦስት፦

አረጀ ይሉሃል። ኮፍያውን ወደ አገጭህ አውርደው።