የ12 ዓመት ልጄ ሲወረውር ክርኑን ያመዋል፤ ቅዳሜ ይጫወት?

የፒቸሩ አባት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ፒቸር ነው፤ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ማለት ነው። ሲወረውር ክርኑን በውስጥ በኩል ማመም ከጀመረው ሁለት ሳምንት ሆነው። አላበጠም። ትናንት ማታ ግን በግራ እጁ ጥርሱን ሲቦርሽ አየሁት፤ ልጁ እኮ ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው። ቅዳሜ ጨዋታ አለ። በረዶ ይዞ፣ ማስታገሻ ውጦ ቢገባስ?

አሰልጣኝ፦ ቅዳሜን እርሳው ወንድሜ። ማስታገሻ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጉዳቱን አያቆምም። ለመሆኑ ስንት ኳስ ወረወረ? ፒች ስማርት የሚባለው መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጆች በቀን ከ85 በላይ አይፈቅድም። 66 ከደረሰ ደግሞ 4 ቀን ማረፍ አለበት።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ክርኑ ላይ በውስጥ በኩል ጎላ ያለች አጥንት አለች። እሷን ቀስ ብለህ ተጫናት። ካመመችው ሐኪም ይየው፣ ራጅም ሊያዝለት ይችላል። የልጅ አጥንት የሚያድግበት ቦታ ገና ለጋ ነው፤ ከጅማቱ ይልቅ እሱ ቶሎ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ለሳምንታት ምንም አለመወርወር ነው፤ 6 ሳምንትም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ሲመለስም ከአጭር ርቀት፣ በለስላሳ ውርወራ ይጀምራል። ክርኑ አልዘረጋ ካለ፣ ትንሿ ጣቱ ከደነዘዘች ወይም ሲወረውር «ቋ» ያለ ነገር ከነበረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ።

የሁለት ልጆች እናት፦ የኔም ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር። እኔን የሸወደኝ ቆጠራው ነው። በሁለት ቡድን ይጫወታል፣ እያንዳንዱ አሰልጣኝ የራሱን ብቻ ይቆጥራል። ፒቸር ባልሆነበት ቀን ደግሞ ካቸር ነው፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚቀልበው፤ ካቸር እኮ ኳሷን ሁሉ መልሶ ይወረውራል! አሁን ትንሽ ደብተር ይዤ እራሴ እቆጥራለሁ። ያሾፉብኛል፣ ግድ የለም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ልጄን ኳስ የጣቷን ጫፍ መታት። ጎትቼ ላስተካክለው?

ፊዚዮቴራፒስት፦ ኧረ በፍጹም እንዳትጎትቺው እህቴ! በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢላት። ጫፉ ወደታች ዘንበል ብሎ በራሷ ማቅናት ካቃታት ጅማቱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሳይታጠፍ በድጋፍ ታስሮ ሳምንታት መቆየት ይኖርበታል፤ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የፒቸሩ አባት፦ የክርኑን አጥንት ስጫናት እጁን መነጨቀኝ። ቁጭ ብለን ቆጠርን፦ ባለፈው ቅዳሜ 74 ኳስ፣ እዚያው ጨዋታ ላይ ካቸር፣ ማክሰኞ እንደገና ፒቸር። አጠገቡ ቆሜ ሳጨበጭብለት ነበር። ለነገ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ለአሰልጣኙም ደውዬ ነገርኩት፤ ልጁ ግን እስካሁን አኩርፎኛል።