ለብቻ የሚነዳ ባለ ሸራ ጀልባ፦ ለላንጋኖ የትኛዋን ልግዛ?

ከካዛንቺስ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረውም የምሠራውም ካዛንቺስ ሲሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት በወር አንድ ጊዜ ያህል ላንጋኖ እየወረድኩ በአንዲት ወዳጄ ጀልባ ላይ የሸራ አነዳድ ተምሬአለሁ። ወዳጄ ከአገር ወጥታለች፤ ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቶ ከእኔ ጋር የሚወርድ ሌላ ሰው ስላላገኘሁም፣ ለብቻዬ የምነዳት የራሴን ጀልባ ለመግዛት ወስኛለሁ። ሁለት ጀልባዎች ቀርበውልኛል። አንደኛዋ 6 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ክፍል፣ ሁለት ሸራና ከሆዷ ሥር የማይነሣ ከባድ የብረት ኪል ያላት ናት። ሁለተኛዋ ሌዘር የምትባለው፣ 4.23 ሜትር የምትረዝም ባለ አንድ ሸራ ጀልባ ናት። ነፋስ ሲበረታ ስለማታስፈራኝ ልቤ ወደ ትልቋ ያደላል። ክብደቴ 58 ኪሎ ነው፤ ዋናም እችላለሁ። ብቻውን የሚነዳ ሰው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት ምን እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የፒያሳው አናጢ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብዎት ጀልባዋን ከዳር ወደ ውኃ፣ ከውኃም ወደ ዳር ያለ ሰው እርዳታ ማመላለስ ይችሉ እንደሆነ ነው። ኪሏ የማይነሣ ጀልባ አሸዋው ላይ መውጣት ስለማትችል ጥልቅ ውኃ ላይ ታስራ ትቀራለች፤ ወደ እርሷ ለመድረስም ሌላ ትንሽ ጀልባ ያስፈልጋል፤ ለጥገና የምትወጣውም በተጎታችና በብዙ ሰው ጉልበት ነው። የሌዘር ቀፎ ግን 59 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ካለዎት ብቻዎን ይስቡታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስትገለበጥ ብቻዎን ማቃናት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው፤ ትንሿ ጀልባ መገልበጧ አይቀርምና። ውኃ ውስጥ እንደወደቁ የሸራውን ገመድ ፈትተው ይልቀቁ፤ በሆዷ በኩል ዞረው ከሥሯ ተሰክቶ የሚወጣው ሳንቃ ላይ ይውጡ፤ ጠርዟን በሁለት እጅዎ ጨብጠው ሰውነትዎን ወደ ኋላ ይጣሉ። መጀመሪያ የምትነቃነቅ አትመስልም። ሸራው የተሸከመውን ውኃ እያፈሰሰ ሲመጣ ግን ምሰሶው ቀስ ብሎ ይነሣል። አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ መዞሩን ሳያረጋግጡ ቢያነሧት፣ ነፋሱ በሸራው ሥር ገብቶ ወደ ሌላው ጎን፣ በእርስዎ ላይ ይደፋታል። እኔ ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ ተገልብጣብኛለች፤ በአራተኛው ክንዴ ዝሎ ጠርዟን መጨበጥ አቅቶኝ ነበር። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ከዳር ሳይርቁ፣ ሆን ብለው ደጋግመው እየገለበጡ ይለማመዱ። የሕይወት አድን ጃኬትዎን ሳያጠልቁ አይግቡ፤ ከጀልባዋም ፈጽሞ አይለዩ፤ በጎኗ ተኝታ እንኳ ነፋስ ከዋናተኛ ቀድሞ ሊወስዳት ይችላል።

አራት ኪሎ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ ትልቅ ጀልባ ለአንድ ሰው አትሆንም የሚል ስሜት እንዳያሳድር እሰጋለሁ። ጆሹዋ ስሎከም ከ1895 እስከ 1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻውን ዓለምን የዞረባት ስፕሬይ ከ11 ሜትር በላይ ትረዝም ነበር፤ ያንን ያስቻለው መሪዋ ታስሮ ሲተው እንኳ መንገዷን ይዛ መሄዷ ነው። በቀረበችልዎት ባለ ኪል ጀልባ ላይም ይህንኑ ይመርምሩ፦ የሸራዎቹ ገመዶች ሁሉ መሪውን ይዘው ከሚቀመጡበት ቦታ ይደርሳሉ? የፊቱ ሸራ ከቦታዎ ሳይነሡ ገመድ በመሳብ ብቻ ይጠቀለላል? መሪውን አስረው ለሁለት ደቂቃ ቢለቁት አቅጣጫዋን ትጠብቃለች? ሸራ ለማውረድ ወደ ፊት መሄድ ግድ ከሆነ፣ ነፋስ በበረታበት ሰዓት መሪውን የሚይዝልዎት አይኖርም። እነዚህን ካሟላች፣ የኪሏ ክብደት ራሱ ስለሚያቃናት፣ ሐሳብዎ ከንቱ አይደለም። ሆኖም በላንጋኖ ዳር እኔ እስካሁን ክሬን ስላላየሁ፣ ማውጣቱና ማስገባቱ ላይ ከአናጢው ጋር እስማማለሁ።

የሐይቅ ወዳጅ

የክብደትዎ ነገር መታለፍ የለበትም። ዛሬ ኢልካ 7 የሚባለው የሌዘር ትልቁ ሸራ 7.06 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ነፋሱ ሲጠነክር ለ58 ኪሎ ሰው ይከብዳል። በዚያው ቀፎ ላይ የሚሰቀለው የኢልካ 6 ሸራ 5.76 ካሬ ሜትር ነው፤ እርሱን ለመጠቀም ሸራውንና የምሰሶውን የታችኛውን ክፍል ብቻ መለወጥ በቂ ነው፤ የላይኛው ክፍል አንድ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን አይዘንጉ። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በ14 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም በዚያው ልክ ይለዝባል። የውጭ አገር መመሪያ ሲያነቡ ይህንን ያስቡ፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ለሚነሣው ነፋስ መተማመኛ አያድርጉት። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው ብለው ባቦጋያ ላይ ለመጀመር ካሰቡ ደግሞ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ባለ ሐይቅ ላይ ነፋሱ የገደሉን ጫፍ ተሻግሮ ስለሚወርድ በድንገት አቅጣጫውን እንደሚለውጥ ይወቁ።

ከካዛንቺስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትልቋን የወደድኩት ከወዳጄ ጋር ሁለት ሆነን ስለነዳሁ መሆኑን አሁን ተረዳሁ፤ ያኔ የፊቱን ሸራ ሁልጊዜ የምታወርደው እርሷ ነበረች። የፊታችን ቅዳሜ ሌዘሯን ለማየት እወርዳለሁ፤ ባለቤቱም ጋሪው ላይ ጭኜ ከመጋዘኑ እስከ ውኃው ድረስ ብቻዬን እንድስባት ፈቅዶልኛል። የአነስተኛው ሸራ የታችኛው ምሰሶ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ሰው ካለ፣ እዚሁ ቢጽፍልኝ ከመግዛቴ በፊት መጥቼ አየዋለሁ።