«አባዬ፣ የእኛ ቡድን የቱ ነው?» ስለ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ቡድኖች ምክር ለመጠየቅ

የአሌክሳንድሪያው አባት፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ «አባዬ፣ የእኛ ቡድን የቱ ነው?» አለኝ። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ነዋ!» አልኩት። «እሱንማ አውቃለሁ፤ የዚህን አገር ነው የምጠይቅህ» አለኝ። ለካ ልጆቹ የሚደግፉትን ቡድን ማልያ ለብሰው የሚመጡበት ቀን ኖሯል። የእኔ ልጅ የሄደው በነጭ ሸሚዝ ነበር። ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው «የቱን እንደምንገዛ አታውቅም ብዬ ነው» አለኝ። ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እኔን አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር አዲስ አበባ ስታዲየም የሚያስገባኝ። ዝናብ ሲመጣ ኮቱን ያለብሰኝ ነበር። ለልጄ ግን በዚህ ከተማ ምን እንደማሳየው አላውቅም። ስንት ቡድን አለ? የቱ ምን ይጫወታል? ከኪሴ ጋር የሚስማማውስ የቱ ነው? እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለን፤ ቅዳሜ ማታ ሥራ እገባለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የቀድሞው ባለ ታክሲ፦

ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ከተማ የገባሁት በ1987 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ለባለ ታክሲ ጨዋታ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ እንጀራው ነው። ቡድኖቹን ያወቅኋቸው በዚሁ መንገድ ነው፤ በኋላ ግን ከእንጀራው አልፈው ልቤ ውስጥ ገቡ።

በመጣሁ በጥቂት ወራት፣ በጥር 1988፣ የዋሽንግተኑ የአሜሪካ እግር ኳስ (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት) ቡድን ዴንቨርን 42 ለ 10 አሸንፎ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ወሰደ። ጨዋታውን በሚመራው ቦታ፣ «ኳርተርባክ» በሚባለው፣ የተሰለፈው ዳግ ዊልያምስ ነበር። በዚያ ቦታ ተሰልፎ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ስለ ጨዋታው የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ግን በሬን አንኳኩተው፣ ገና ስሜን እንኳ በወጉ ሳይዙት፣ አቅፈውኝ አለቀሱ። ምክንያቱን ያስረዱኝ ቆይተው ነው። በሊጉ ውስጥ ጥቁር ተጫዋች በመቅጠር የመጨረሻው ቡድን ይኸው የዋሽንግተኑ ነበር። እስከ 1962 ድረስ እምቢ ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ እሺ ያለው፣ ስታዲየሙ የቆመው በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር መንግሥት እንዳይጫወትበት እከለክላለሁ ብሎ ስላስገደደው ነው። ያ ሁሉ ታሪክ በአንድ ምሽት ሲገለበጥ ያየ ሰው ነው ያቀፈኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ከተማ የእንግዳ አገር መስላ አልታየችኝም።

የቡድኑ የድሮ ስም የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች የሚሰድብ ስለነበረ በ2020 ተነሥቶ ከ2022 ጀምሮ ኮማንደርስ ተብሏል። የሚጫወተው ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ውስጥ ነው። በመደበኛው የውድድር ዘመን በሜዳው የሚያደርገው ስምንት ወይም ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ስለሆነ ትኬቱ ውድ ነው። እሱን ከቅዳሴ መልስ በቴሌቪዥን ተከታተሉት፤ የእሁዱ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው።

ቅርጫት ኳሱ ዊዛርድስ ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ስትመልሰው «ጠንቋዮች» ስለሚሆን ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ማልያውን ማልበስ ይከብዳቸዋል። ቢሆንም ታሪኩን እወቁት። የቀድሞ ስሙ «ጥይቶች» ነበር። ከተማዋ በመሣሪያ ግድያ ስትታመስ፣ ደግሞም የባለቤቱ የኤብ ፖሊን ወዳጅ የነበሩት የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በ1995 በጥይት ሲገደሉ፣ ፖሊን «ይህን ስም አልሸከምም» አሉና በ1997 ተለወጠ። ዋንጫ ያነሣው በ1978 ብቻ ነው። በ2023–24 ከ82 ጨዋታ 67ቱን ተሸንፏል፤ ለልጅህ የመጀመሪያ ፍቅር እንዲሆን አልመክርህም።

በዚያው አዳራሽ፣ ጋለሪ ፕሌስ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ የበረዶ ሆኪው ካፒታልስ ይጫወታል። በ2018 ዋንጫውን ሲወስድ መንገዱ በሙሉ ቀይ ሆኖ ነበር። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን በሚያዝያ 2025 895ኛ ግቡን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትስኪን ክብረ ወሰን ሲሰብር ልጆቼ ደውለው ቀሰቀሱኝ።

ለአንተ ግን ከሁሉም ቤዝቦሉን፣ ናሽናልስን፣ እመርጥልሃለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዓመት 81 ጊዜ በሜዳው ስለሚጫወት በርካሽ የሚገባበት ቀን አይጠፋም። ከአሌክሳንድሪያ ቢጫውን ባቡር ይዘህ ላንፋንት ፕላዛ ውረድ፣ አረንጓዴውን ያዝ፣ ሁለተኛው ፌርማታ ኔቪ ያርድ ነው። ስትወጣ ሜዳው ይታይሃል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እወቅ፤ እኛ ያደግንበት የኳስ ሥርዓት እዚህ የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ አይወርድም። እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። ቡድኑ ደግሞ የባለቤቱ ንብረት ስለሆነ ከተማ ሊለውጥ ይችላል። ናሽናልስ በ2005 ከካናዳ፣ ከሞንትሪያል የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ዋሽንግተን የቤዝቦል ቡድኗ በ1971 ወደ ቴክሳስ ሄዶባት ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ቡድን ቆይታለች። ስለዚህ በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን የተሸነፈው ናሽናልስ ተነሥቶ ሂውስተንን ሲያሸንፍ፣ ከተማዋ ከ1924 ወዲህ ያላየችውን ዋንጫ ነው ያየችው። ያን ሌሊት የጫንኳቸውን ተሳፋሪዎች ሒሳብ አልጠየቅኋቸውም።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የሴቶቹን ግን ረሱብን! ሴት ልጆች ያሏችሁ ሁሉ ስሙኝ። ዋሽንግተን ስፒሪት የሚባል የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አለን፤ በ2021 የሊጉ ሻምፒዮን ነበር። የሚጫወተው አውዲ ፊልድ ነው፤ 20,000 ሰው ስለሚይዝ ከየትም ብትቀመጡ የተጫዋቾቹ ድምፅ ይሰማል። ሚስቲክስ የሚባለው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንም በ2019 ዋንጫ ወስዷል።

ልጄን መጀመሪያ የወሰድኳት ሳንዲዬጎ ሲመጣ ነው፤ ኔኦሚ ግርማን ለማሳየት። ኔኦሚ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደች ተከላካይ ናት። ኳስ የጀመረችው አባቷ ከሌሎች ወላጆች ጋር ለሐበሻ ልጆች ባቋቋሙት «ማለዳ» በሚባል ስብስብ ውስጥ ነው። በ2022 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ተመረጠች፣ በ2024 የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፣ በጥር 2025 ደግሞ ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት። ለሴት ተጫዋች ይህን ያህል ሲከፈል የመጀመሪያው ነበር። ልጄ በማልያዋ ጀርባ ላይ «ግርማ» የሚለውን ስታነብ «እማዬ፣ ይህ የአያቴ ስም ነው!» ብላ ጮኸች። እውነትም የአባቴ ስም ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟን በትምህርት ቤት ሲያበላሹባት ዝም አትልም፤ ታርማቸዋለች።

ሌላ ምክር፦ ቦርሳችሁን አስቡበት። ብዙ ሜዳዎች ውስጡ ከማይታይ ቦርሳ ጋር አያስገቡም። እኔ አንድ ጊዜ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ነጠላዬን በትልቅ ቦርሳ ይዤ ሄጄ ከበሩ ተመልሻለሁ፤ ልጆቹ እያለቀሱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄድን። የሜዳውን ደንብ ከቤት ሳትወጡ አንብቡ።

የፌርፋክስ ነዋሪ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚህ ቡድኖች የባለጸጎች ንብረት ናቸው። ኮማንደርስ በ2023 የተሸጠው 6.05 ቢሊዮን ዶላር ነው። የድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም በነበረበት ቦታ ለሚሠራው አዲስ ስታዲየም የከተማዋ ምክር ቤት በመስከረም 2025 ያጸደቀው የሕዝብ ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። እኛ ሁለት ሥራ እየሠራን ኪራይ እንከፍላለን። ልጁን ቤተ መጻሕፍት ይውሰደው፤ ያውም በነፃ ነው።

የቀድሞው ባለ ታክሲ፦

ስለ ገንዘቡ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም ያንገበግበኛል። ነገር ግን ጠያቂያችን የሚኖርበት ከተማ የሆነውን አስታውስ። በታኅሣሥ 2023 የዊዛርድስና የካፒታልስ ባለቤት ሁለቱንም ቡድኖች ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ አመጣለሁ ብሎ ዕቅዱ ተነገረ። ነዋሪው በየስብሰባው ተነሥቶ «መንገዱስ? ኪራያችንስ?» ብሎ ጠየቀ። የቨርጂኒያ ሴኔት ገንዘቡን በበጀት ሳያስገባው ቀረ፤ በመጋቢት 2024 ነገሩ ፈረሰ። ቡድኖቹ እስከ 2050 በዋሽንግተን እንዲቆዩ ከተማዋ ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች። እኔ በዚያ ሰሞን ከሄድኩባቸው ስብሰባዎች በአንዱ የሐበሻ ፊት ፈልጌ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነበር። በዚያ ሰፈር ስንት ቤተሰብ አለን! ቡድን ሲመጣ ቤት ይወደዳል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ሱቅ ይዘጋል። የማናውቀውን ነገር ደግሞ በስብሰባ ላይ ልንከራከርበት አንችልም።

እዚህ ያደገ፣ ከዋሽንግተን፦

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ የሚሠራው ጋለሪ ፕሌስ አጠገብ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች በአንዱ ነበር። በየጨዋታው ምሽት የሕዝቡን መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል። ከጎኑ ያለው አዳራሽ በታኅሣሥ 1997 ሲከፈት ጀምሮ እዚያ ነበር፤ ወደ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ማን እንዳገባ ያውቅ ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደመወዜን ስቀበል ሁለት ትኬት ገዛሁ። ከተቀመጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። «ለካ ውስጡ ይህን ያህላል» ብቻ አለኝ። ጋሼ የፌርፋክሱ፣ ቤተ መጻሕፍትም ወስዶኛል፤ አመሰግነዋለሁ። ግን አብሮኝ ጨዋታ ያየበት ያ አንድ ምሽት ለእኔ ሌላ ነው።

ለጠያቂው ወንድሜ፦ ኳስ ስለምትወድ የወንዶቹን እግር ኳስ ቡድን፣ ዲሲ ዩናይትድን፣ ሞክር። ከ1996 ጀምሮ አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። አውዲ ፊልድ በሐምሌ 2018 ሲከፈት ዌይን ሩኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ፤ በዚያ ሳምንት ዩ ስትሪት የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ትኬት ይፈልግ ነበር። ሩኒ ሲሄድ ግን የእኛ ሰውም ጠፋ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ቦሊቪያውያኑን ተመልከቱ። በ1996 ማርኮ ኤቼቬሪና ሃይሜ ሞሬኖ ሲመጡ ከበሯቸውን ይዘው ገቡ፤ ተጫዋቾቹ ከሄዱ ስንት ዓመት ቢሆንም ደጋፊዎቹ አሁንም አሉ፣ ልጆቻቸውም አብረው ይዘምራሉ። ከሻው ጣቢያ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ አጠገብ፣ ያው አረንጓዴ ባቡር ነው የሚወስደው። ከበሮ እኛም ቤት አለ።

የአሌክሳንድሪያው አባት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ናሽናልስ ጨዋታ ሄድን፤ ነጭ እንደለበስን። ዳቦውንና ውኃውን እህቴ እንዳለችው ውስጡ በሚታይ ፌስታል ያዝን። ጨዋታው ተጀምሮ ነበር። ሕጉን የሚያስረዳኝ ልጄ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ከሳተ እንደሚወጣ፣ ኳሷ ከአጥሩ ካለፈች ሁሉም እንደሚገቡ። እንዲህ በዝግታ አስረድቶኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ሰባተኛው ዙር መሐል ላይ ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ ሲዘምር እጄን ይዞ አስነሣኝ።

ተሸነፍን። ነገር ግን ከጨዋታው በኋላ ልጆች ሜዳው ላይ እንዲሮጡ ይፈቀድ ነበርና ተሰለፍን። ዙሩን ጨርሶ መጨረሻውን ነጭ ሰሌዳ ሲረግጥ የነጠላዬን ጫፍ ይዤ እያውለበለብኩለት ነበር። ከኋላዬ የነበሩ አንድ አዛውንት «የእርስዎ ልጅ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ።

ጋሼ ባለ ታክሲ፣ ያን ምሽት አቅፈውዎት ያለቀሱት አዛውንት በሕይወት አሉ? እህቴ የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ የስፒሪት ቀጣዩ የሜዳችን ጨዋታ መቼ እንደሆነ ብትነግሪን እንመጣለን፤ እህቱም ሰምታ «እኔስ?» ብላለች።