የእንግዴ ልጅ ዕጢ ሲመረመር የባል ደም ግዴታ ይሁን?

ጠያቂው፦ ከእንግዴ ልጅ ሴል የሚነሳ ኮሪዮካርሲኖማ የሚባል ካንሰር አለ። ብርቅ ነው። ግን ያው ካንሰር ያለ እርግዝናም ከኦቫሪ (ከሴቷ የእንቁላል ማምረቻ) ሊነሳ ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ከእርግዝና የመጣው በኬሞ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ሌላኛው ግትር ነው፣ መድኃኒቱም ይለያል። የሚለያቸው ዲኤንኤ ነው፤ ከእርግዝና በመጣው ላይ የአባት ዲኤንኤ ይገኛል። ስለዚህ የባልየው ደም ግዴታ ይሁን እላለሁ።

ነርሷ፦ ቆይ እስቲ፣ ግዴታ? የእሷ ደምና ዕጢው ይበቃሉ እኮ። ዕጢው ላይ እሷ የሌላት የዲኤንኤ ምልክት ከተገኘ ከእርግዝና ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?

የላብ ሰው፦ የሚበቃው ዲኤንኤው ላይ ብዙ ቦታ ከታየ ነው። ባልና ሚስት በአጋጣሚ የሚጋሩት ምልክት ይኖራል። የእሷ ጤነኛ ሴል ናሙናው ውስጥ ሲቀላቀል ደግሞ ሌላ ጣጣ። የባልየው ደም ካለ ንባቡ ይቀላል።

ለእኔ ግን ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኛው እርግዝና? የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት ሞላር (የተበላሸ እርግዝና) ነበራት፣ ከዚያ ጤነኛ ልጅ ወለደች እንበል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊጎ (የዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) ነጥብ አሰጣጥ ካንሰሩ ከተነሳበት እርግዝና ወዲህ ያለፉትን ወራት ይቆጥራል። ከ4 ወር በታች 0፣ 13 ወርና ከዚያ በላይ 4 ነጥብ። ከሌሎቹ መመዘኛዎች ጋር ድምሩ 7 ከደረሰ አንድ መድኃኒት አይበቃም። እርግዝናውን መሳት ቀልድ አይደለም።

ነርሷ፦ እሱንም ቢሆን ከባልየው በፊት የድሮውን ናሙና ፈልግ። በሰም ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ሙሉ ሞላር ከሆነ ደግሞ ክሮሞዞሙ በሙሉ ማለት ይቻላል የአባት ነው። ዕጢው ላይ የእናት ድርሻ ከጠፋ፣ ምንጩ ልጁ ሳይሆን ሞላሩ ነው።

ዕጢው ላይ የተገኘው የአባት ዲኤንኤ ከባልየው ጋር ባይገጥምስ? ካንሰር ልትታከም የገባች ሴት ገበናዋ ሊወጣ ነው?

ጠያቂው፦ እሺ፣ «ግዴታ»ን አነሳለሁ። ግን ይጠየቅ። የተሳሳተ መድኃኒት ከገበናም ይከፋል።

የላብ ሰው፦ ሪፖርቱ ላይ «ከእርግዝና ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ማቆም ይቻላል። የአባትነት ወሬ እዚያ ምን ያደርጋል? ውጤት እስኪመጣ ኬሞ ይቆይ የሚል ካለ ግን አልስማማም። ይህ በሽታ ወደ ሳንባና አንጎል ለመሄድ ጊዜ አይፈጅበትም።

ነርሷ፦ ይጠየቅ ካላችሁም መጀመሪያ እሷ ትጠየቅ፣ ለብቻዋ። ባልየው አጠገቧ ተቀምጦ የተሰጠ እሺታን እኔ ፈቃድ አልለውም።